ሰንበቴ ቤት ያደሩ እንግዶች፦ የባሕር ዳር ማስታወሻ

በኅዳር 2017 ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ለሽርሽር አይደለም። አዲስ አበባ የማገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት ለተፈናቀሉ ወገኖች ልብስና ገንዘብ አሰባስቦ ነበር፤ እዚያው ባሕር ዳር ደግሞ ካህናት ስለ ሰላምና ስለ ስደተኞች ጥበቃ ሊመክሩ ተጠራርተው ነበር። ሁለቱን አጣምሬ ሄድኩ። ይህን የጻፍኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። የሰዎቹንም የደብሩንም ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ። ጊዜው ስም የሚጠራበት አይደለም።

ሐሙስ ኅዳር 19፦ ከቦሌ ባሕር ዳር

ድሮ ቢሆን በአውቶቡስ ነበር የምሄደው። ንጋት ላይ ተነስቶ ጎሃ ጽዮን ቁርስ፣ ከዚያ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ደጀን ሲደረስ ቀዝቃዛው ነፋስ ፊት ላይ ሲመጣ ተሳፋሪው ሁሉ "ጎጃም ገባን" ይላል። አሁን ያንን መንገድ የሚደፍር ጥቂት ነው። እገታው አለ፣ ተኩሱ አለ፣ መንገዱ ሲዘጋም ለቀናት ይዘጋል። ስለዚህ በአውሮፕላን ሆነ። በረራው ሰዓት አይሞላም። ግን ለቲኬት የከፈልኩት ብር ስንት ቤተሰብ ዱቄትና ዘይት እንደሚሸምትበት ሳስብ ሆዴ አልቻለም።

የያዝነው በማዳበሪያ የታሰረ ልብስና ብርድ ልብስ ነው። ልብሱ አብሮኝ ደረሰ። ብርድ ልብሱ ቀረ። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እኔ ባዶውን ማዞሪያ እያየሁ ቆምኩ። "ነገ ይመጣል" ተባልኩ። ነገም አልመጣም፣ ከነገ ወዲያም አልመጣም። የኅዳርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባሕር ዳር ቀን ቀን ብትሞቅም ሌሊት ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ይገባል።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ ባጃጁ 300 ጠየቀኝ፣ በ250 ተስማማን። ልጁ ጨዋ ነው። "ከመሸ አልሠራም፣ ከፈለግከኝ ቀን ደውል" አለኝ። ሲመሽ ከተማው ቶሎ ይሰበሰባል። አዲስ አበባ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን የምናማርረውን እዚህ ቢሰሙ ይገርማቸዋል። ዘንባባዎቹ አሉ፣ ሐይቁ አለ፣ የጀበና ቡናው ጭስ አለ። በየመገናኛው ደግሞ ፍተሻ አለ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዩኔስኮ የሰላም ከተማነት ሽልማት ያገኘች ናት። በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነቱ ከተቀጣጠለ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን ነዋሪው ጆሮውን አቁሞ ነው የሚያድረው። አዋጁ ተራዝሞ በ2016 ጊዜው አለፈ። ጦርነቱ አላለፈም።

ያረፍኩት ሽምብጥ ሰፈር፣ የጓደኛዬ አክስት ቤት ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ገና በሩን ሳንኳኳ "አንተ ልጅ፣ ደህና ደረስክ? መንገዱ ምን አለ?" አሉኝ፤ በአውሮፕላን መምጣቴን እያወቁ። እዚያ አገር ሰላምታው እንዲህ ሆኗል፤ ከጤና በፊት መንገድ ይጠየቃል። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ራቱ ሽሮና ስልጆ ነበር፣ ከዳጉሳ ጋር በተቀላቀለ ጤፍ እንጀራ። ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ አለመብላት ይከብዳል ብዬ ነበር፤ እትዬ ግን በነቢያት ጾም ቤታቸው ዓሣ አይገባም። "ጎረቤቶቼ ይበላሉ፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን እናቴ እንዳሳደገችኝ ነኝ" አሉ። ልጃቸው ሰቆጣ መምህር ነው። ስልክ ከደወለ ሰንብቷል። ይህን ሲነግሩኝ ሌማቱን እየከደኑ ነበር፣ ዞር ብለው አላዩኝም።

ዓርብ ኅዳር 20፦ ሰንበቴ ቤቱ

ጠዋት ልብሱን በባጃጅ ጭኜ ወደ ደብሩ ሄድኩ። ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቁኝ። መስቀል ተሳለምኩ፣ ልብሱን አየት አደረጉና "የሕፃን አለው?" ብቻ ነው ያሉት። ነበረው። ፊታቸው ፈካ።

ሰንበቴ ቤቱ ረጅም የጭቃ አዳራሽ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። በደጉ ጊዜ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ የሚገናኝበት ቤት ነበር። ዙሪያውን የተሠራው መደብ አሁን አልጋ ሆኗል። በቤተሰብ በቤተሰብ የተከፈለው በማዳበሪያና በአሮጌ ነጠላ ነው፤ ገመድ ተወጥሮ፣ ነጠላው ተንጠልጥሎ፣ ከዚህ ወዲህ የእነ እገሌ፣ ከዚያ ወዲያ የእነ እገሌ። አንዲት ልጅ ወለሉ ላይ ተንበርክካ መደቡን ጠረጴዛ አድርጋ የሒሳብ የቤት ሥራ ትሠራለች። ከመጋረጃው ጀርባ የሚያስል ሽማግሌ አለ። ሽታው የጭስና የእርጥብ ልብስ ነው፤ ግን ወለሉ ተጠርጓል፣ ውኃ ተረጭቷል።

ቄሰ ገበዙ መዝገቡን አሳዩኝ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የመጡበት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ምርመራ። ምርመራ የሚለው ዓምድ ሥር በቀይ እስክርቢቶ "ነፍሰ ጡር ናት"፣ "ስኳር አለባቸው"፣ "ልጁ 8ኛ ክፍል፣ መልቀቂያ የለውም" እያለ ይወርዳል። የክርስትና ስም በሚለው ዓምድ ደግሞ አንዳንዱ ላይ ሰረዝ ብቻ አለ። ከሰረዞቹ በአንዱ ትይዩ፣ ምርመራው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ "ዓርብ ለጁምዓ ይወጣሉ። ምሳቸው ይቀመጥላቸው።"

ቀኑ ዓርብ ነበር። ቀና ስል ጥግ ላይ ሳህን የተደፋበት ሳህን አየሁ።

"አባታችን፣ ሰው ምን አለ?" አልኳቸው።

"ማን ምን ይላል? ደጀ ሰላሙን ያለፈ የእግዚአብሔር እንግዳ ነው። ዘሩንና ሃይማኖቱን ጠይቀን ካስገባን እኛም ከአባረሩት በምን ተለየን?" አሉኝና ወደ ልብሱ ተመለሱ።

ያቺ ቤተሰብ ከምሥራቅ ወለጋ የመጣች ናት። የሴትዮዋ ወላጆች በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተወስደው የሰፈሩ ናቸው። እሷ እዚያው ተወለደች፣ እዚያው አገባች፣ እዚያው ቡና ተከለች። ከጁምዓ ስትመለስ ቡና አብረን ጠጣን። "ወለጋ ሳለሁ ወሎዬ ይሉኛል። ወሎ ብሄድ ማንም አያውቀኝም" አለችኝ። መታወቂያዋ የወለጋ ነው። እሱን ይዛ ቤት ልትከራይ ስትሄድ አከራዩ ይፈራል፣ ፍተሻ ላይ ይጠይቋታል፣ ትምህርት ቤቱ የልጇን መልቀቂያ ይላታል። መልቀቂያ የሚጽፈው ትምህርት ቤት ራሱ ተቃጥሏል። ቄሰ ገበዙ የደብሩን ማኅተም የመቱበት ደብዳቤ ይዘው አብረዋት ትምህርት ቤቱ ሄደው ነው ልጁ የተመዘገበው። ማኅተሙ ብቻውን አልበቃም፤ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ነው።

ስለ ሰላም ብዙ መግለጫ አንብቤያለሁ። ቅዱስ ሲኖዶስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና ከፋሲካ በኋላ በርክበ ካህናት ሲሰበሰብ የሰላም ጥሪ ያወጣል። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤም ያወጣል። በሰኔ 2016 እዚያው ባሕር ዳር ላይ የሰላም ጉባኤ ተደርጎ የሰላም ካውንስል ተቋቁሟል። አንዱንም አልንቅም። ግን ለእኔ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ በጉልህ የተሰማኝ ያ ርእሰ መምህር በር ላይ ነው። ስለ ሰላም እንጩህ ካልን ጩኸታችን የት ወረዳ፣ የትኛው በር፣ የማን ልጅ ብሎ መጀመር አለበት። አለዚያ ሁሉም አንብቦ "አሜን" ብሎ የሚያልፈው ወረቀት ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ውይይቱ ነበር፣ ሌላ ደብር አዳራሽ ውስጥ። ካህናት፣ መነኮሳት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፤ በእንግድነት ደግሞ አንዲት የካቶሊክ እኅት፣ የመካነ ኢየሱስ ቄስና አንድ ሼህ። ሻይና ዳቦ ቆሎ ቀረበ። ገና ሳይጀመር መብራት ጠፋ። ማይኩ ሞተ፣ ሰዉ ወንበሩን እየሳበ ተጠጋጋ። እንዲያውም ይሻላል፤ በማይክ ቢሆን ስብከት ይበዛ ነበር።

አንድ ሸምገል ያሉ መሪጌታ ስለ ደም ማድረቅ ተናገሩ። በጎጃም ሁለት ቤተሰብ ደም ሲቃባ ካህናቱ እንዴት እንደሚገቡ፤ ገዳዩ ሸሽቶ ቤተ ክርስቲያን ሲጠጋ ማንም እንደማይነካው፤ ሽማግሌዎች ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት እየተመላለሱ፣ እየተሰደቡ፣ ደጅ እየጠኑ፣ ጉማ (የደም ካሳ) ተቆርጦ፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ወድቆ፣ በመጨረሻ በመስቀል ተገዝተው እንደሚለያዩ። "ተገዝቶ የሚያፈርስ ነበረ፣ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ እኛን ራሳችንን የሚሰማን ጠፋ" አሉ። ድምፃቸው ሰለለ።

አንድ ወጣት ዲያቆን ተነሳ። "ሁለቱም ወገን፣ ሁለቱም ወገን እያልን የሞተውን ማን ገደለው ሳንል ቀረን" አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። መሪጌታው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና "ልጄ ልክ ነው። አስታራቂ ወገን አይይዝም፤ የሞተን ሰው ግን አልሞተም አይልም። ማን እንደሞተ፣ የት እንደሞተ እንጻፍ" አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰማሁም፣ እስከ ዛሬም።

ስለ ስደተኞች የተናገረው መተማ የሠራ ነርስ ነው። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ሰዉ በመተማ በኩል ገባ። ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። ከካርቱምና ከኦምዱርማን ጦርነት የሸሸ ሰው እኛ አገር መጥቶ የእኛ ጦርነት መሐል ወደቀ። ዘረፋው፣ ጥቃቱ፣ እገታው ሲበዛባቸው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ላይ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአውላላ ወጥተው በእግራቸው ሄዱ፣ መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰነበቱ። "ሴቶቹ እኔን 'እናንተ ክርስቲያኖች አይደላችሁም ወይ?' ብለው ጠየቁኝ" አለ ነርሱ። ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ነጃሺ አነሱ፤ የነቢዩ ተከታዮች ተሰደው ሲመጡ የሐበሻ ንጉሥ አሳልፌ አልሰጥም ማለቱን። ካህናቱም ያውቁታል። ሁላችንም ያደግንበት ታሪክ ነው፤ ለዚያች የኦምዱርማን ሴት ግን ታሪኩ አልደረሳትም።

አንድ የሕግ ባለሙያ ሕጉን በአጭሩ አስረዳ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ነው። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛን ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አስገድዶ መመለስን ይከለክላል፤ የመማር፣ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብትም ያውቅለታል። በአገር ውስጥ ለሚፈናቀሉት ደግሞ የካምፓላ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 አጽድቃዋለች። አንድ የገጠር ቄስ እጃቸውን አወጡ። "ይህ እንዳለ ማን ነገረን? አንድ ቅጂ ስጠኝ፣ በኪሴ ልያዘው" አሉት። የያዘውን ፎቶ ኮፒ ሰጣቸው፣ አጥፈው ቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ምሽት ሊሆን ሲል ደብዳቤ ተረቀቀ። ረጅም አይደለም። መሣሪያ የያዘ ማንም ሰው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አይግባ። የታመመና የምትወልድ ሴት የሚያልፉበት መንገድ አይዘጋ። ተፈናቃይና ስደተኛ በመታወቂያው አይንገላታ። ትምህርት ቤት አይነካ። ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ማኅተም። ቃል በቃል ሲነበብ የካቶሊኳ እኅት "ስደተኛ" የሚለው መጀመሪያ "ተፈናቃይ" ብቻ ተብሎ እንደነበር አይታ ነው ያስጨመረችው። እግዚአብሔር ይስጣት።

ቅዳሜ ኅዳር 21፦ ዘጌ

ኅዳር ጽዮን ነው። እትዬ "ሳትሳለም አትመለስም" ስላሉ፣ እኔም ስለፈለግኩ፣ ከደብሩ ወጣቶች ጋር ወደ ዘጌ ተሻገርን። ቤንዚን ጠፍቷል። ጀልባ ነጂው በሃይላንድ ነው የገዛው፣ ሊትሩን በ200 ብር። ስለዚህ ዋጋው ንሯል፤ ለሁላችንም 4,500 ጠይቆ በ4,000 ጫነን። ወደቡ ላይ ያሉት ጀልባዎች ብዙዎቹ ሸራ እንደለበሱ ታስረው ቆመዋል። ቱሪስት የለም።

ጠዋት ጣና የተወለወለ መስታወት ይመስላል። ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች በጎናችን አለፉ። አልፎ አልፎ እምቦጭ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን የወረረው አረም፣ አበባው ቆንጆ ነው፣ ሥራው ክፉ ነው። ከአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ዘጌ ደረስን። ጫካው ሲጠጉት ቀዝቀዝ ይላል። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ ጀምሮ የመጣ ሥርዓት ነው ይላሉ። ሕዝቡ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾው፣ በሎሚው ነው። እና በቱሪስቱ ነበር።

አዝዋ ማርያም ቅዳሴው ደርሶልናል። ዲያቆኑ ስለ ሰላም ጸልዩ ሲል ምዕመኑ ያለወትሮው ጮክ ብሎ ነው የመለሰው። አጠገቤ የቆሙ እናት ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። በጫካው መሐል ያለው መንገድ ድሮ ከነሐስ መስቀልና ከታንኳ ምስል ሻጮች መተላለፊያ አልነበረውም ይላሉ። ዛሬ አንዲት ልጅ ብቻ ናት ዘርግታ የተቀመጠችው። አንድ ኪሎ ቡና በ450 ገዛሁ፤ አዲስ አበባ ከምገዛው ይረክሳል፣ ሽታው ግን አይወዳደርም።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ። መጀመሪያ የቆምነው የእመቤታችን ስደት የተሳለበት ጋር ነው። እመቤታችን ልጇን አቅፋ፣ ዮሴፍ አብሮ፣ ወደ ግብፅ። ጽጌ ጾመን የጨረስነው፣ ቁስቋምን ያከበርነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ማኅሌቱ ሁሉ ስለዚህ ስደት ነው። የጣና ትውፊት ደግሞ ጣና ቂርቆስ ላይ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ተቀምጣለች ይላል። ያስጎበኙን መነኩሴ ይህን ነግረውን ሲያበቁ አንዷ ወጣት "ማን ተቀበላት?" ብላ ጠየቀች።

"የደሴቱ ሰዎች ናቸዋ" አሉ መነኩሴው። "ሄሮድስ ቢጠይቅ ደብቀው እንጂ።"

ወዲያው በላኤ ሰብእን አሳዩን። ያን ሁሉ ሰው የበላው፣ ለተጠማ ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው። ሥዕሉ ላይ ኮዳው ትንሽ ናት። በግራኝ አህመድ ጦርነት ጊዜ የአገሩ ንዋየ ቅድሳት ወደነዚህ ደሴቶች እንደሸሸ መነኩሴው ተረኩልን። እዚህ ውኃ ላይ መሸሸጊያ መሆን የቆየ ሥራ ነው። የዐፄ ሱስንዮስ መቀመጫ የነበረው ጎርጎራ ማዶ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በሃይማኖት ጦርነት ሕዝቡ ካለቀ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የየራስህን እምነት ያዝ ብለው አዋጅ ያስነገሩት፣ መንበሩን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁት በዚህ ሐይቅ ዙሪያ አገር ነው። ንጉሥ እንኳ "ይብቃ" ብሎ ያውቃል። ይህን እዚያ ቆሜ ሳስብ ደስታና ንዴት አንድ ላይ መጣብኝ።

መመለሻው ላይ ነው ችግሩ። ከሰዓት በኋላ ጣና ይነሳል። ማዕበሉ እየመጣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። በሃይላንድ የተገዛው ቤንዚን ውኃ ተቀላቅሎበታል። ነጂው ማጣሪያውን ፈቶ እየነፋ፣ ጀልባው በጎኑ እየተመታ፣ እኛ "በስመ አብ" እያልን ቆየን። የሚዋኝ ከመሐላችን አንድ ብቻ ነው። ታንኳ ላይ የነበሩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች አይተውን ቀዝፈው መጡና ገመድ ይዘው አፍንጫችንን ወደ ማዕበሉ አዞሩት፤ እንዳንገለበጥ ያዳነን እሱ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ብር ብንሰጣቸው አልቀበል አሉ። በመጨረሻ ከያዝነው ዳቦ ቆርሰው ወሰዱ። ከመምሸቱ በፊት ገባን፣ እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር።

እሑድ ኅዳር 22፦ ደብዳቤው

ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤው በዐውደ ምሕረቱ ተነበበ። እንዲያ ይነበባል ብዬ አልጠበቅኩም። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ናቸው ያነበቡት፣ ቀስ ብለው። ከፊት ለፊት የቆሙት ወንዶች መሬት መሬት ያያሉ። "በመታወቂያው አይንገላታ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ከሴቶች በኩል እልልታ ተሰማ። የሰንበቴ ቤቷ ሴት ከልጇ ጋር ከግቢው አጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ቆማ ትሰማለች።

ፍርሃት አልነበረም አልልም። አንድ አባት "ይህን ካነበብክ በኋላ ማታ በርህን ማን እንደሚያንኳኳው አታውቅም" ብለዋቸዋል። ቄሰ ገበዙ የመለሱት "በሬን ቢያንኳኩ እኔ ነኝ የምከፍተው" የሚል ነው። ደብዳቤው በሁለት እጅ፣ በሽማግሌዎች፣ ለሁለቱም ወገን እንዲደርስ ተላከ። ማን እንደወሰደው እዚህ አልጽፍም።

ብርድ ልብሱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። አንዱ ማዳበሪያ ተቀዷል፣ ግን አልጎደለም። በደብተሩ ተራ ቁጥር ተከፋፈለ። መጀመሪያ ለሚያስሉት ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ለነፍሰ ጡሯ። አልበቃም። ሦስት ቤተሰብ አልደረሳቸውም፤ ቄሰ ገበዙ ስማቸው ትይዩ በቀይ "ብ.ል. ቀሪ" ብለው ጻፉ።

አመሻሹ ላይ ከእትዬ ጋር አዲሱ ድልድይ ድረስ ወጣን። 380 ሜትር ነው፣ ግንቦት 2016 የተመረቀ፣ ያምራል፤ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከላዩ ሆኖ ማየት ልብ ያሳርፋል። ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች ነበሩ። በጦርነት መሐል ሰው ይዳራል፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እትዬ እግራቸውን ስለሚያማቸው ግማሹ ላይ ተመለስን። የበቆሎ እሸት አንዱን በ25 ብር ገዛን።

ሰኞ ኅዳር 23፦ መመለስ

በረራው በሰዓቱ ነው። እትዬ በርበሬና የዘጌ ቡና አስይዘውኛል፣ ደግሞ "ስትደርስ ደውል፣ ልጄን ያየ ሰው ካገኘህም ንገረኝ" ብለውኛል። ሰቆጣ ያለው መምህር ማለታቸው ነው። ልጃቸው ከሳምንት በኋላ ደውሎላቸዋል፤ ደህና ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ቄሰ ገበዙ ደወሉ። ለደብዳቤው ከአንዱ ወገን "አይተነዋል" የሚል ቃል መጥቷል፣ ከሌላው ገና ነው። ደብተሩ ላይ ሁለት ቤተሰብ ተጨምሯል፣ አንዱ ከሱዳን የመጡ እናትና ልጆች ናቸው፤ ከመተማ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር። ቋንቋ የሚያስተረጉምላቸው ሼሁ ናቸው፣ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ያኔ ያስፈልግ የነበረው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጆች ጫማ ከ28 እስከ 34 ቁጥር፣ እና ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፤ የመጀመሪያው ሞልቷል። እኛ ሰንበት ትምህርት ቤት የምናሰባስበው እስከ 2017 ገና ዋዜማ ነበር።